ጮክ ተብሎ የተነበበው ደብዳቤ

መስከረም 22

ይድረስ ለቡሎን፤

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ መስመር አላባክንም፤ ዘጠኝ ገጽ የሚጽፍ ሰው ጤነኛ መሆኑ ግልጽ ነው። አዎ፣ አሁንም ቡሎን ብዬ ነው የምጠራህ። አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው፣ የራስህ ወርክሾፕና አራት ሠራተኞች አሉህ፣ ይገባኛል። ግን በአራት ዓመቱ ቡሎን የዋጠ ልጅ ስሙን የመምረጥ መብቱንም አብሮ ውጦታል።

ዘጠኙን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ሊፍት ውስጥ ቆሜ። ሊፍቱ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ወረደ፤ ጥበቃው የታመምኩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። እዚህ ሕንጻ ውስጥ ስሠራ አሥራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ ስለ ባትሪ የተጻፈ ነገር ሲያስለቅሰኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። የባትሪ ሪፖርቶች ያስለቅሱኝ ነበር፣ ያ ግን ሌላ ዓይነት ለቅሶ ነው።

በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገምልህ። እማዬ እጅ ላይ ያሰርክላት የመጥሪያ ቁልፍ እንደሌሎቹ በየሰከንዱ እየነቃ «አለሁ፣ አለሁ» እያለ ባትሪውን አይጨርስም። ይተኛል። እሷ ስትገላበጥ ብቻ እንቅስቃሴዋ ይቀሰቅሰዋል፤ አንዲት አጭር «አለሁ» ይልክና መልሶ ይተኛል። ስትጫነው ይጠራችኋል። ሳትጫነው ለረጅም ሰዓት ካልተንቀሳቀሰች ደግሞ ዝምታው ራሱ ይጠራችኋል። ሁለት ወር የነበረው ባትሪ ሁለት ዓመት ሆነ። የእኛ መሐንዲሶች በገዛ ቺፓችን ላይ አምስት ዓመት ፈልገው ያጡትን አንተ አንዲት አሮጊት እየጠበቅክ አገኘኸው።

ማክሰኞ ልምጣ ወይ ላልከኝ፣ ና። ለሠራተኛህ ለበያጇ እንድታስረዳልኝ ጠረጴዛው እንዲህ ነው፦ ድርጅታችን ገመድ አልባውን ቺፕ ይሠራል፤ ቺፑን ገዝተው ዕቃ የሚያደርጉት ግን እንዳንተ ያሉ ሰዎች ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ማንም ያልጨረሰውን ዕቃ ይዞ ይመጣና ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል። የእኛ ሰዎች «ይህ ምን ያደርጋል?» ብለው መጠየቅ አይፈቀድላቸውም። የሚፈቀድላቸው «ምን አስቸገረህ?» ብቻ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌሎች በላዩ የሚሠሩበትን ቺፕ «መድረክ» ይሉታል፤ መድረክ መምራት የሚሉት ሥራዬ ሲጨመቅ ይኸው ነው፦ ራሳችን የማንሠራው ምን እንደሆነ ማወቅ፣ ከዚያ እሱን ሳይሠሩ መቀመጥ። ደመወዝሽ የሚከፈለው ባለመሥራት ነው ብትለኝ አልከራከርህም።

ሁለተኛውን ጊዜ ደብዳቤህን እንደ ቤታችን ልማድ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ኮርቼብህ። እማዬን ሳምልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 9

እታለም፤

ደብዳቤሽ ደረሰ፣ ተነበበ፣ ትራስ ሥር ገባ። የዓለምን ወሬ ያለ ገመድ የምታመላልስ ሴት ለወንድሟ በቴምብር ትጽፋለች ብዬ ለበያጇ ብነግራት ሳቀችብኝ። እማዬን አታውቃትማ። «የስልክ ወሬ ትራስ ሥር አይገባም» ካለች ወዲህ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብንደቅንባት እንኳ አትናገርም።

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሊፍት ውስጥ ማልቀስሽን ዘልዬዋለሁ፤ «ሥራ ቦታ ውሃ አመጡልኝ» ብቻ ነው ያልኩት፣ ደግ ሰዎች ናቸው ብላ መረቀቻቸው። «አሮጊት» የምትለዋንም ዘልያለሁ፣ ለአንቺው ስል። መድረክ የሚለውን ግን መዝለል ሲገባኝ ሳልዘለው ቀረሁ። አሁን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ መድረክ ላይ ነው የምትሠራው» እያለች ነው። ሰፈሩ ተዋናይ መስለሽዋል። እኔም አላስተባበልኩም፤ ሚስት የምጠይቅ ቀን ይጠቅመኛል።

አዎ፣ ከቁልፉ በፊት የሰጠናትን ደወል ወረወረችው ብዬ የጻፍኩልሽ እውነት ነው። «በግ ነኝ እንዴ ደወል የምታስሩልኝ?» ብላ። ቁልፉን ግን ትወደዋለች። ትናንት ተጭና ጠራችኝ፤ ሥራዬን ጥዬ እየሮጥኩ ስመጣ «መምጣትህን ላይ ብዬ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ። የአረጋውያን ማረፊያው ሁለት መቶ ቁልፍ አዟል። ለዚያ የፕላስቲክ መያዣው ሞልድ መቀረጽ አለበት። ሞልድ ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ነው፤ አንዴ ለአንድ ቺፕ ልክ ከተቀረጸ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አይባልም። ወርክሾፑ ያለው ነገር ሁሉ፣ የአራት ሰው ሥራ ጭምር፣ እዚያ ብረት ውስጥ ነው የሚገባው። ቀራጩ ኅዳር ከማለቁ በፊት ፈርም ብሎኛል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ። ቺፑ ውስጥ የውጭ ሰው የራሱን ነገር የሚያስገባበት በር አለ አይደል፣ እኔ «አለሁ»ን ያስገባሁበት። በሚመጣው ዓመት በምታወጡት ቺፕ ላይ ያ በር ለእንደኔ ዓይነቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል? ከተዘጋ ሞልዱ የበር ማቆሚያ ነው የሚሆነው። አዎ ወይም አይ በይኝ። ማክሰኞ የምመጣው ሞልዱ ደርሶ የተሟላውን ይዤ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 27

ለውድ ወንድሜ፤

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። እዚህ አየሩ ቀዝቅዟል፤ ጠዋት ጠዋት ደመና አለ፣ ከሰዓት ግን ይገልጣል።

የመሰብሰቢያ አዳራሹን ወንበሮች ቀየሩልን። አዲሶቹ አንዴ ወደ ኋላ ካዘነበሉ አይመለሱም። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች ሙሉውን ስብሰባ ጣሪያ እያዩ ነው የተወያዩት። አንደኛው ከሁሉም የተሻለ ሐሳብ አቀረበ።

በሩን በተመለከተ፣ ለጊዜው ሁሉም አማራጮች በጥናት ላይ ናቸው። ሞልዱን በተመለከተ ባትቸኩል ጥሩ ይመስለኛል። ጥሩ ነገር ጊዜ ይፈልጋል።

እማዬ ቅዝቃዜው እንዳይጎዳት ደህና አድርገህ አልብሳት።

አክባሪህ እህትህ


ኅዳር 6

እታለም፤

ደብዳቤሽን ለእማዬ ሳነብላት ወንበሩ ጋ ስደርስ እጇን አነሳችብኝ።

«ይህች ልጅ ምን ሰብራ ነው?»

«ኧረ ምንም፣ ስለ ወንበር ነው የጻፈችው።»

«ወንበሩ ይቅርና ደመናውን አንብብልኝ እስቲ።»

አነበብኩላት። «አየህ፣» አለች፣ «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ፋኖሱን የሰበረች ቀን ስለ ደመና ስታወራኝ ነው የዋለችው። ማታ ፋኖስ ሳጣ ነው ደመናው የገባኝ።»

እኔም የራሴን ልቁጠርልሽ። «ለውድ ወንድሜ» ብለሽ ጀመርሽ፤ ቡሎን የት ሄደ? «አክባሪህ» ብለሽ ጨረስሽ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታከብሪኝ? መካከል ላይ ደግሞ «አትቸኩል»። አንቺ! እኔ ስወለድ እንኳ በር ላይ ቆመሽ «ምን አስቆየው?» እያልሽ አዋላጇን ስትነተርኪ ነበር ይባላል።

ሦስት ሳምንት ዝም ብለሽ ነበር። ቁልፉ ብትሆኚ ቤቱን በጩኸት ታደበላልቂው ነበር። ታመሽ ነው? ከሥራ ወጥተሽ ነው? ከሁለቱ አንዱ ካልሆነ የቀረው እኔን የሚመለከት ነው። ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ ቀራጩ በየሁለት ቀኑ ይመጣል። ምንም ይሁን ጻፊው።

ወንድምሽ


ኅዳር 15

አንደኛው ወረቀት፣ ለእማዬ የሚነበብ፤

እማዬ፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ወንበሮቹ ተጠግነዋል። ምንም አልሰበርኩም።

ሁለተኛው ወረቀት፣ ላንተ ብቻ፤

ቡሎን፣ ሰብሬያለሁ።

መስከረም ላይ ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩት ብዬህ ነበር። የት እንደሆነ አልነገርኩህም። ወጥ ቤት ቆሜ ለግድግዳው ያነበብኩት መስሎህ ይሆናል። የአመራር ስብሰባ ላይ ነው ያነበብኩት። የማክሰኞ ጠረጴዛ ምን ያስገኛል እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ እጄ ላይ አንድም ቁጥር አልነበረኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ያንተ ደብዳቤ ነበረ። ሰው የተሰበሰበበት ቤት ውስጥ ደብዳቤ ከተገኘ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ፤ እንዲያ ነው ያደግነው። አወጣሁና አነበብኩት። እማዬ ደወሉን የወረወረችበት ጋ ሳቁ። «ዝምታው ራሱ ይጠራናል» ያልከው ጋ ስልኩን የነካ ሰው አልነበረም። በአሥራ ስድስት ዓመት እንደዚያ ቀን ተደምጬ አላውቅም። የሰከርኩት በኩራት ነው፣ ግን ስካር ስካር ነው።

በሳምንቱ የስትራቴጂው ሰው አሥራ አራት ስላይድ ይዞ መጣ። ርዕሱ «አለሁ» ይላል። በሚመጣው ዓመት ቺፕ ውስጥ ራሳችን እንሠራዋለን፣ የመጥሪያ ቁልፉንም በራሳችን ስም እናወጣለን፣ ሌላ ሰው እንዳይከተለን ደግሞ በሩን እንዘጋለን ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። ስጦታ ያመጣሁላቸው መስሎት ሁሉም ፊት አመሰገነኝ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ቡሎን። እጆቼን አላዘዝኳቸውም፣ ግን አጨበጨቡ።

ከዚያ ይህን ለውጭ ሰው ላለመናገር ሁላችንም ፈረምን። አንተ የውጭ ሰው ነህ፤ ወረቀቱ ላይ እንዲያ ይላል። ይህ ደብዳቤ ፊርማዬን ያፈርሳል፣ ይፍረስ። ሞልዱን አታስቀርጽ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ ሰረዝኩት። ሁሌም ከሚናገረው ሰው ይልቅ ትንሽ ሆኖ ነው የሚገኘው።

እህትህ


ኅዳር 24

እታለም፤

ሁለተኛው ወረቀትም ተነቧል። እማዬ ፖስታውን በእጇ መዘነችና «ለደህና ነኝ ይህ ሁሉ ክብደት?» አለች። ሳልዘል አነበብኩላት።

«አጨበጨብኩ ነው ያለችው?»

«አዎ፣ አጨበጨብኩ ትላለች።»

«እንግዲያ ያን ቀን ራቷን አልበላችም» አለችና ፊቷን አዞረች። ስትዞር የቁልፉ መብራት ብልጭ አለ።

እኔ እንደ እማዬ አይደለሁም። ሦስት ቀን ተናድጄ ሠራሁ። በያጇ «ዛሬ የነካኸው ሁሉ ተጣሟል፣ ሂድና ንፋስ ውሰድ» አለችኝ። ለማረፊያው ኃላፊ ሞልዱ በጥናት ላይ ነው አልኳት። አየሽ፣ ቋንቋሽ ይጋባል። የማልችለው ነገር ምን መሰለሽ፤ ሌላ ሰው ቢሰርቀኝ ላንቺ ጽፌ እሰድብልሽ ነበር። አሁን ለማን ልጻፍ?

አራተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ ደብዳቤ ዘጠኝ ገጽ ነው። ዘጠነኛውን አንብበሽላቸዋል? እኔ እማዬ ፊት ስዘል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚዘለለው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለአንባቢው ብቻ የተጻፈው ነው የሚዘለለው።

ክስ አልከስም፣ ጠበቃም አልይዝም። ደብዳቤው ያለው አንቺ ጋ ነው። ጀምረሽዋልና ጨርሺው። እዚያው ክፍል፣ ለእነዚያው ሰዎች። ቀሪውን አንብቢላቸው።

ቡሎን

ስሙን ራሴ ፈረምኩበት። እንዳትደሰቺ።


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለቡሎን፤

ከሁሉ በፊት ወንበሮቹ አልተጠገኑም። ለእማዬ የዋሸኋት እሱንም ጭምር መሆኑን ንገራት።

አነበብኩት። አጀንዳው ላይ «ያለፈው ቃለ ጉባኤ እርማት» ብዬ አስያዝኩት፤ ማንም እርማት ለመስማት አይዘጋጅም፣ ስለዚህ ማንም አልከለከለኝም። ያልከው ልክ ነው፤ ዘጠነኛውን ገጽ ያን ቀን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር የመለስኩት። የጻፍከውን ረስተኸው እንደሆነ እንዲህ ይላል፦

«እታለም፣ ይህን የምነግረው ላንቺ ብቻ ነው። ሠርቶ እስኪያልቅ ለማንም አትንገሪ። ደግሞ የጻፍኩት ለድርጅቱ ትልቅ ሰው አይደለም። ልጅ ሆኜ ሬዲዮኑን ፈትቼ መግጠም ሲያቅተኝ፣ ቤቱ ሁሉ ‹ምን አደረግክ?› ብሎ ሲጮህብኝ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ‹ምን አስቸገረህ?› ላለችኝ ልጅ ነው።»

አንብቤ ስጨርስ በአዳራሹ ያለው ሁሉ የማክሰኞ ደንብ ከየት እንደመጣ ገባው። ለእኔም ያኔ ነው የገባኝ። ደንቡን ከአሥር ዓመት በፊት ሳወጣ ከራሴ ያመነጨሁት መስሎኝ ተሸልሜበታለሁ።

መጀመሪያ የተናገረው ጠበቃው ነው። «ወረቀቱ ላይ ምስጢር የሚል ማኅተም አለበት?» አለ። «‹እታለም› ይላል፣» አልኩት፣ «ማኅተሙ እሱ ነው።» አንድ ነገር ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈው እንጃ።

ከዚያ የማክሰኞን መዝገብ አነበብኩላቸው። ወሬ እግር አለው፤ በሩ ሊዘጋ ነው የሚለው ውጭ ተሰምቷል። መስከረም ላይ በአንድ ማክሰኞ ሠላሳ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ አራት። ከአራቱ አንዱ መጸዳጃ ቤት ፈልጎ የገባ ነው። «ሰው ያልጨረሰውን ዕቃ የሚያሳየው ለማይነጥቀው ነው፣» አልኳቸው፤ «ይህን አንድ ቁልፍ ወስደን እናተርፍ ይሆናል። ቀሪው ሠላሳ ሰው ግን የነገውን ይዞ ወደ ተፎካካሪያችን ይሄዳል፣ እኛም ማንም ምንም የማይሠራበት ጎበዝ ቺፕ ይዘን እንቀራለን።» ዋና ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን እያየ ነበር፤ በወንበሩ ምክንያት ይሁን በሐሳብ መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ጨመርኩበት፦ «ወንድሜ በአራት ዓመቱ ቡሎን ውጧል። መዋጡ ምንም ችግር አልነበረውም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።» ይህን በመናገሬ ይቅርታ። ይህኛው ይቅርታ አልተሰረዘም።

የስትራቴጂው ሰው ስላይዶቹን ዘጋና «ያን ቀን እስከ መጨረሻው አንብበሽው ቢሆን ኖሮ አልሠራቸውም ነበር» አለኝ። በቁጣ አይደለም። ከሰማሁት ሁሉ ያመመኝ እሱ ነው፣ እውነት ስለሆነ።

ውሳኔው ይኸው። «አለሁ» ያንተ ነው፤ ቁልፉን አንሠራም። በሩ በሚመጣው ቺፕም ከእሱ በሚቀጥለውም ክፍት ይሆናል፤ ለሁሉም ሠሪዎች በጽሑፍ ተልኳል፣ ያንተን ቅጂ አብሬ ልኬዋለሁ። እኔ ደግሞ ምስጢሩን ላንተ መንገሬን እዚያው ስለነገርኳቸው ኃላፊነቴን አስረክቤያለሁ። የተረከበኝ የስትራቴጂው ሰው ነው፤ ደህና ይሠራል፣ ቢያንስ እስከ መጨረሻው ማንበብ እንደሚገባ አሁን ያውቃል። ጠረጴዛው እንዲቀርልኝ ለመንኳቸው፣ ተዉልኝ። አዲሱ ክፍሌ መስኮት የለውም። ወንበሩ ግን የድሮው ነው።

ኅዳር አልፏል፤ ቀራጩ ይጠብቅህ እንደሆነ እንጃ። ከጠበቀህ፣ አሁን ቸኩል።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

እታለም፤

ቀራጩ ጠብቆኛል፤ ምስጋናው ለእማዬ ነው። እኔ ባንቺ ስናደድ በከረምኩበት ሰሞን «ካልፈረመ ሌላ ሥራ ልያዝ» ሊል ቤት መጥቶ እሷን አገኛት። «ልጄ መድረክ ላይ ናት፣ እስክትወርድ ታገስ» አለችው። ታዋቂ ሰው የሚያስጠብቀው መስሎት ታገሠ። ስንፈራረም ፎቶሽን ጠየቀኝ።

ማረፊያው ግን ዘግይታችኋል ብሎ ከሁለት መቶው ሰማንያውን ሰርዟል። መቶ ሃያው አምስታችንንም ይዞ ይሻገራል፤ በያጇ «ሳይጣመሙ ከተሠሩ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣለች። ይህንም ሳልዘል የጻፍኩት እንድታውቂው ብዬ ነው እንጂ ላስከፍልሽ አይደለም።

ከኃላፊነት መውረድሽን ሳነብ ትንሽ ደስ አለኝ። አልዋሽሽም። ሁለት ቀን ያህል ቆየ። በሦስተኛው ቀን መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ አየሁሽና ደስታው የት እንደገባ አጣሁት። ለእማዬ መስኮት የለውም የሚለውን አልዘለልኩም። «ደመና አይታያትማ፣ ጥሩ ነው» አለች።

ቀራጩ የመጀመሪያዎቹን መያዣዎች በሁለት ሳምንት ያደርሳል። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ እመጣለሁ። የመጀመሪያው ቁልፍ ለእማዬ ነው፤ የድሮዋ በሽቦና በፕላስተር የተጠፈረች ናት፣ ሰለቻት። ሁለተኛው ላንቺ ነው። ምልክቱ ከዚያ እስከዚህ እንደማይደርስ እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ለእማዬ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። «እጇ ላይ እሰርላት፣ ዝም ስትል እንወቅ» ነው የምትለው። ስለዚህ ትታሰሪያለሽ፤ ደብዳቤውንም አታዘገዪም።

ጠረጴዛሽ ላይ ግን የማስቀምጠው ሌላ ነገር ነው። ገና ያላለቀ፣ እስካሁን ለማንም ያላሳየሁት። ሦስት ወር ተፋጥጬው አልሆንልህ ብሎኛል። አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ መልሱን ከአሁኑ እያዘጋጀሁ ነው፣ ረጅም ነው።

ይህን ስጽፍ እማዬ ተገላበጠች፤ መብራቷ ብልጭ ብላ ጠፋች። እዚህ ሁላችንም አለን።

ደብዳቤውን ለፈለግሽው ሰው ጮክ ብለሽ አንብቢው። ከፈለግሽም አዳራሹ ውስጥ። ብቻ ምንም አትዝለዪ።

ወንድምሽ ቡሎን